ሜትሩን ያዙልኝ

ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር፣ ከጦሳ እስከ ደጃችን፤
ደጁ ላይ ማስጠንቀቂያ፣ ማስጠንቀቂያው ላይ ስማችን።
«በሐራጅ» ይላል በደማቁ፤ ከሥሩ «የአቶ ሙሄ ወራሾች»፤
ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ከብበው ያነባሉ ልጆች፣
ፊደል እየለቀሙ፣ እንደ ምስር ጠጠር ለቃሚ፤
«ወ... ለ... ድ» ትላለች አንዷ፤ እኔ ከበሩ ውስጥ ሰሚ።
መዲና፣ አንዋር፣ ሉባባ፤
በነጠላ ሰረዝ ብቻ ተለይተን።

አባባ ሦስት ወልዶ ሞተ፤ ዕዳው ግን ዛሬም ይወልዳል፤
እኛ ተካሰን ስናድር፣ እሱ ተኝቶ ያድጋል።

አንዋር ነው መኪና ያማረው። ኤፍ ኤስ አር፣ ባለ አዲስ ጎማ፣
ከኮምቦልቻ ብረት ጭኖ ሚሌን የሚያልፍ በጨለማ።
ካርታው ከሳጥን ወጣ። አባባ ቀለም ነክሮ አውራ ጣቱን፣
«ለልጅ ያልሆነ ቤት ለማን?» ብሎ ጫነ ወረቀቱን።
በግ ታረደ በዚያው ሳምንት። መዲናም በላች፣ እኔም በላሁ፤
ችሎት ፊት ስጠየቅ ግን፣ «ስለ ብድሩ አልሰማሁም» አልሁ።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ አንድ ማታ፤
አንዋር በመስኮት ዘለለ፤ መኪናው ወረደ ገደል፣ ከዐለት ዐለት ሲንገላታ።
ኢንሹራንሱ አልፎበታል፣ በአሥራ አንድ ቀን ብቻ።
«ልጄ ተርፏል» አለ አባባ፤ ነገሩን አላነሳም ዳግም።
ለኅዳር አልደረሰም።

ከቀብር መልስ ነው የጀመርነው፤ ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ፣
መዲና ደረሰኝ ዘረጋች፦ የብሎኬት፣ የሲሚንቶ፣ የበር እጀታ ሳይቀር፤
«የጓሮው ሰርቪስ የኔ ነው። በፋብሪካ ደመወዜ ነው የቆመ።»
እኔም አባባን ያጠብሁበትን ሌሊት ሁሉ ቆጠርሁ፤
«አራት ዓመት ሙሉ አንዳችሁም አልነበራችሁም» አልሁ።
አንዋር ዝም አለ። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ጻፍነው፤
ዕዳውን ሙሉ አወረስነው፤ ቤቱን ግን ከለከልነው።

ቀጠሮ። ሌላ ቀጠሮ። ጠበቃ። ዳኛ ተቀየረ።
ሁለት ዒድ ሳንጠያየቅ አለፈ፤ የጣራው ቆርቆሮም ተቦረቦረ።

ረፋድ ላይ ገማቹ መጣ፤ ልጅ እግር፣ ቦቲው በጭቃ።
«ሜትሩን ያዙልኝ» አለ፣ «አንድ ሰው ወዲህ፣ አንድ ወዲያ፤ ቶሎ እንዲያበቃ።»
መዲና አልመጣችም፤ ፈረቃ አለባት።
እኔ ጫፉን፣ አንዋር ሳጥኑን። ሳሎኑ፦ አራት ከሰባ።
በሁለት ዓመት ውስጥ ለሱ ይኼን ያህል አልቀረብሁም፤
መሃላችን ያለው ስስ ብረት ይርገበገባል፤
ከማን እጅ እንደሆነ አላወቅሁም።

«የፍሳሽ ታንከሩስ የት ነው?»

የዚህን ቤት እያንዳንዱን ምስማር አውቃለሁ ብዬ የማልሁ እኔ፣
ግቢውን በዓይኔ ዞርሁ፤ አጣሁት፤ ከዳኝ ወኔ።
አንዋር ሳጥኑን አስቀምጦ ከኮኩ ሥር ሦስት ተራመደ፣
በተረከዙ ደለቀ፤ መሬቱ ባዶ ድምፅ ወለደ።
«እዚህ ነው። እኔና አባባ ነን የቆፈርነው፣
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ክረምት ነበር።
ድንጋዩ አመለጠኝና አውራ ጣቱን ቀደደው።
‹ለእናትህ እንዳትነግር› አለኝ። አልነገርሁም።»

አውቀዋለሁ ያንን ጠባሳ።
በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ በፎጣ አድርቄዋለሁ፣ አራት ዓመት።
ክሱ ላይ ግን፣ በገዛ እጄ፣ በቃለ መሐላ፦
«አሻራው የአባቴ አይደለም፤
መሃሉን ነጭ መስመር ከፍሎታል።»

ገማቹ ጻፈ፦ ታንከር፣ አንድ፣ ያልፈረሰ።
ጉሙ ከጦሳ ተመለሰ።
ልጆቹ ከደጅ ሄደዋል። እኔ ጫፉን እንደያዝሁ፣
«አንዋር» አልሁ። ዞረ።
ቀጣዩን ቃል አጣሁ።
ልጅ እግሩ እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ፣
«እህቴ» አለኝ በትሕትና፣
«ጨርሰናል። ልቀቂው።»